ያልተቆረጠ ቃል

በአትላንቲክ ውቅያኖስ ጠረፍ፣ ለበጋ መዝናኛ ተብላ በተቆረቆረችው በአትላንቲክ ሲቲ ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦገስት 22 ቀን 1964 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የዴሞክራቲክ ፓርቲ የልዑካንን የውክልና ማስረጃ የሚመረምረው ኮሚቴ በተሰየመበት አዳራሽ፣ አንዲት የ46 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ከማይክሮፎን ፊት ተቀምጠው ቃላቸውን መስጠት ጀመሩ። እኒህ ሴት ወይዘሮ ፋኒ ሉ ሄመር ይባላሉ፤ በሚሲሲፒ ግዛት ከ20 ልጆች የመጨረሻዋ ሆነው የተወለዱ፣ ገና በስድስት ዓመታቸው ጥጥ ለቀማ የገቡ፣ የዕድሜያቸውንም አብዛኛውን በሰው መሬት ላይ ያሳለፉ ገበሬ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በኦገስት 31 ቀን 1962፣ ከሌሎች 17 ሰዎች ጋር ወደ ኢንዲያኖላ ከተማ ሄደው በመራጭነት ለመመዝገብ ስለ ሞከሩ ብቻ፣ 18 ዓመት ካገለገሉበት እርሻ ተባርረዋል፤ በጁን ወር 1963 ደግሞ በዊኖና ከተማ ወህኒ ቤት፣ በፖሊሶች ትእዛዝ፣ ሕመሙ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልለቀቃቸውን ድብደባ ተቀብለዋል። በኮሚቴው ፊት፣ በቀጥታም በቴሌቪዥን ለሚመለከታቸው የአገራቸው ሕዝብ፣ የሚናገሩት ይህንኑ በሥጋቸው የደረሰውን ነበር።

ንግግሩ ግን በቀጥታ ስርጭት እስከ ፍጻሜው አልተሰማም። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን፣ የደቡብ ግዛቶች ልዑካን በነገሩ ተቀይመው ጉባኤውን ጥለው ይወጣሉ ብለው ስለ ሠጉ፣ በዚያው ሰዓት ጋዜጠኞችን በድንገት ወደ ኋይት ሐውስ ጠሩ፤ ስርጭቱም ምስክሯን በንግግር መካከል ትቶ ወደ ፕሬዚዳንቱ ዞረ። ፕሬዚዳንቱ የተናገሩት ጉዳይ እስከ ነገ ቢቆይ የሚጎዳው አልነበረም። ይሁን እንጂ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ የተቋረጠውን ምስክርነት ማታ በዜና ሰዓታቸው መልሰው ስላሳዩት፣ ሕዝቡ ከሥራ ተመልሶ፣ እራቱን በልቶ፣ በየቤቱ ተሰብስቦ አየውና፣ ሊሸፈን የታሰበው ነገር እጅግ ተገለጠ።

ይህ ታሪክ በብዙ ብዕር ተጽፏል፤ እኔን ወደዚህ ጽሑፍ የመራኝ ግን የጊዜው ልክ ነው። የወይዘሮ ሄመር ምስክርነት በጠቅላላው ስምንት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ነበር፤ ያም በዝቶ ታይቶ ተቋረጠ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1965፣ ኮሊን ኤድዋርድስ የተባለ ጋዜጠኛ ለፓሲፊካ ሬዲዮ ቃለ ምልልስ ሲያደርግላቸው ግን፣ የሚያቋርጥ ፕሬዚዳንት ቀርቶ የሚያጣድፍ ማስታወቂያ እንኳ አልነበረምና፣ ሴትዮዋ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ወህኒ ቤቱ እንደ ልባቸው ተናገሩ። ድምፃቸው ወፍራም፣ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር የተገራ፣ ትንፋሹ ረጅም ነው፤ ወደ መራራው ነገር ሲቀርቡ ይፈጥናሉ ብሎ ሰው ሲጠብቅ፣ እሳቸው በዚያ ስፍራ ላይ ይበልጥ ይዘገያሉ። ይህን መዘግየት ጽሑፍ አይዘግበውም። በወረቀት የሰፈረው ቃል ምን እንደ ተባለ ያስታውቀናል እንጂ፣ ተናጋሪዋ ከማን ስም ፊት እንደ ቆመች፣ በየትኛው ነገር ላይ ሳቋ እንደ አመለጣት፣ የት ላይ ምራቋን እንደ ዋጠች አያስታውቀንም።

ይህ ቃለ ምልልስ የተቀዳበት የቴፕ ክርና ሌሎች አያሌ ሺህ ክሮች በሎስ አንጀለስ ከተማ በሚገኘው በፓሲፊካ ሬዲዮ ቤተ መዛግብት ይጠበቃሉ። ከዚሁ ማኅደር ውስጥ በ1963 እና በ1982 መካከል ሴቶች የተናገሩባቸው፣ የተከራከሩባቸው፣ ግጥምና ልብ ወለድ ያነበቡባቸው፣ ሙዚቃቸውን ያሰሙባቸው ከ2,000 በላይ የሪል ክሮች ተመርጠው፣ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የታሪክ ሰነዶች ኮሚሽን በሰጠው ርዳታ፣ በ2010ዎቹ ዓመታት ወደ ዲጂታል ተለውጠዋል፤ ዛሬም በበይነ መረብ ለማንም ሰሚ ክፍት ናቸው። የሴቶች ታሪክ የሚጻፍባቸው ሰነዶች ብዙውን ጊዜ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት መዝገብና የጋዜጣ ቁራጭ ብቻ በሆኑበት ዓለም፣ የአንድ ትውልድ ሴቶች በገዛ አንደበታቸው፣ ያውም በሰዓት ሳይሰፈሩ፣ ሲናገሩ መስማት ትልቅ ሀብት ነው። ይህ ሀብት እንዴት እንደ ተከማቸ ለመረዳት፣ ጣቢያውን ማን እንዳቆመውና ገንዘቡን ማን እንደ ከፈለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሉዊስ ሂል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም ብሎ የጦር መሣሪያ ለመያዝ እንቢ ካሉት ወጣቶች አንዱ ነበር። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1946 ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር የፓሲፊካን ድርጅት መሠረተና፣ በኤፕሪል 15 ቀን 1949 ኬ.ፒ.ኤፍ.ኤ. የተባለው ጣቢያ በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ከተማ ስርጭቱን ጀመረ። የሂል አሳብ፣ ማስታወቂያ የሚሸጥ ሬዲዮ አድማጩን ለነጋዴ የሚሸጥ በመሆኑ፣ ነጻ ቃል የሚናገር ጣቢያ በአድማጮቹ መዋጮ መተዳደር አለበት የሚል ነበር፤ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ እንዲህ ያለ ጣቢያ አልነበረም። መዋጮው መጀመሪያ አልበቃምና በ1950 ጣቢያው ተዘግቶ ወራት ቆየ፤ አድማጮቹ ተሰብስበው ገንዘብ አሰባስበው በ1951 እንደ ገና አስከፈቱት። ከዚያ በኋላ በ1959 በሎስ አንጀለስ ኬ.ፒ.ኤፍ.ኬ.፣ በ1960 ሉዊስ ሽዋይዘር የተባለ ባለጸጋ ጣቢያውን እንዲሁ በነጻ ስለ ሰጠ በኒው ዮርክ ደብሊው.ቢ.ኤ.አይ.፣ በ1970 በሂዩስተን ኬ.ፒ.ኤፍ.ቲ. ተጨመሩ። የሂዩስተኑ ጣቢያ በተከፈተበት ዓመት ማሰራጫው በኩ ክለክስ ክላን ሰዎች እጅ ሁለት ጊዜ በፈንጂ ፈረሰ፤ ሁለት ጊዜም ተሠራ። አምስተኛው ጣቢያ ደብሊው.ፒ.ኤፍ.ደብሊው. በ1977 በዋሽንግተን ተከፈተ፤ አብዮቱን ሸሽተው የወጡ ወገኖቻችን በዚያች ከተማ መሰባሰብ በጀመሩበት ዘመን መሆኑ ነው፤ ዛሬ በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ የሬዲዮውን ቁልፍ ወደ 89.3 ቢያዞር የሚያገኘው ይህንኑ ጣቢያ ነው።

ለጉዳያችን ታላቁ ነገር፣ ማስታወቂያ የሌለበት ጣቢያ ጊዜው የራሱ መሆኑ ነው። የንግድ ጣቢያ ሰዓቱን በሴኮንድ ከፍሎ ስለሚቸበችብ፣ አንዲት ሴት ሥራ ስለ መከልከሏ ወይም ስለ ደረሰባት ግፍ እንድትናገር የሚሰጣት ዕድል ቢገኝ በሁለት ማስታወቂያዎች መካከል የተጣበበች አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች። በፓሲፊካ ግን አንድ ውይይት ሰዓት ተኩል ቢወስድ የሚከስር ነጋዴ አልነበረም። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ ክር እጅግ ያሰለቻል፤ ተወያዮቹ ይደጋግማሉ፣ ይጠፋቸዋል፣ ሲጋራ ሲለኩሱ የክብሪቱ ድምፅ ይሰማል። እኔ ግን ይህን ድካም ከተቀነባበረ ፕሮግራም አስበልጣለሁ፤ በዝርክርኩ ንግግር መካከል፣ ለመናገር ያላሰበችውን የምትናገር ሴት ትገኛለችና።

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያው ጥቂት ማለት ይገባል፤ የሴት ድምፅ በሬዲዮ እንዳይሰማ ያደረገው ልማድ ብቻ ስላልነበረ። በ1920ዎቹ ዓመታት፣ ሬዲዮ በአሜሪካ ሲስፋፋ፣ የጣቢያ ኃላፊዎች የሴት ድምፅ ይሰረስራል፣ ለዜናና ለቁም ነገር አይሆንም ብለው በጋዜጣ እስከ መከራከር ደርሰው ነበር። ነገሩ በከፊል የጆሮ አድልዎ፣ በከፊል ደግሞ የመሐንዲስ ሥራ ነው። ሴት ስትናገር የድምፅ አውታሯ በሴኮንድ 200 ጊዜ ያህል፣ የወንድ ግን 120 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል፤ ይህ ልዩነት ለማንኛውም መሣሪያ አይከብድም። የሚከብደው ተነባቢው ድምፅ ነው። የ«ሰ»፣ የ«ሸ»፣ የ«ፈ» ፉጨት ከሴት አንደበት ሲወጣ ከወንዱ ይልቅ እጅግ ወደ ላይ፣ ወደ ቀጭኑ የድምፅ ዳርቻ ይወጣል። የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች እርስ በርሳቸው እንዳይጋጩ በመካከላቸው 10 ኪሎሄርዝ ብቻ እንዲራራቁ ስለ ተደረገ፣ የሚያስተላልፉት ድምፅ በተግባር ከ5 ኪሎሄርዝ በላይ አይወጣም ነበር፤ ስለዚህ የሴቲቱ ንግግር ብዙ ተነባቢዎቹን በመንገድ ላይ ጥሎ፣ የደበዘዘና የማይለይ ሆኖ ይደርሳል። አድማጩም ጉድለቱን የሚያሸክመው ለመሣሪያው ሳይሆን ለተናጋሪዋ ነበር።

ኬ.ፒ.ኤፍ.ኤ. ሲከፈት የመረጠው ግን ኤፍ ኤም የተባለውን አዲስ የስርጭት ዓይነት ነው። ምርጫው የድህነት ምርጫ ነበር፤ የመካከለኛው ሞገድ ቦታዎች በባለገንዘቦች ተይዘው አልቀው ነበርና። ኤፍ ኤም መቀበያ ያለው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፣ ጣቢያው ለአድማጮቹ መቀበያ እስከ ማዳረስ ድረስ ደክሟል። ነገር ግን ኤፍ ኤም እስከ 15 ኪሎሄርዝ የሚደርስ ድምፅ ስለሚሸከም፣ ማንም ሳያስበው የሴቲቱ ፉጨትና ትንፋሽ ሁሉ ሳይሸራረፍ የሚያልፍበት መንገድ ሆነ። ኤን.ፒ.አር. የተባለው ሕዝባዊ ብሔራዊ ሬዲዮ ሱዛን ስታምበርግን በ1972 የዕለት ዜና ፕሮግራሙ አቅራቢ አድርጎ ሲሾም፣ በአሜሪካ አገር አቀፍ የምሽት ዜና የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ተባለች፤ የሰው ጆሮ የለመደውን እስኪተው ከመሣሪያው ይልቅ ብዙ ዓመት እንደ ዘገየ በዚህ ይታወቃል።

ፓሲፊካ ራሱ ለሴቶች የዋህ ነበር ማለት አይደለም። ፖውሊን ኬይል፣ በኋላ በአገሪቱ ከሁሉ የታወቀች የፊልም ሐያሲ የሆነችው፣ በ1950ዎቹ በኬ.ፒ.ኤፍ.ኤ. ላይ ስለ ፊልም ታወራ የነበረው ያለ አንዳች ክፍያ ነው፤ በስተ መጨረሻም ይህንኑ ቅሬታዋን በአየር ላይ ተናግራ ጣቢያውን ተሰናበተች። ለነጻነት የቆመ ጣቢያ የሴትን ጉልበት በነጻ መውሰዱን እንደ ነውር አለማየቱ ይደንቃል። በሌላ ወገን ደግሞ፣ በጦርነቱ ጊዜ በለንደን በቢ.ቢ.ሲ. የሠራችው ኤልሳ ናይት ቶምፕሰን የዚያው ጣቢያ የሕዝብ ጉዳዮች ክፍል ኃላፊ ሆና አያሌ ዓመት መርታለች፤ አድማጭ የማይደፍረውን ጉዳይ ደፍሮ የመጠየቅን ልማድ በጣቢያው የተከለችው እሷ ናት ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የሴቶች ጉዳይ በራሱ ስም ሰዓት ያገኘው በኒው ዮርክ ነው። ናኔት ሬይኖን የተባለች ፕሮዲዩሰር በ1969 በደብሊው.ቢ.ኤ.አይ. «ወማንካይንድ» የተሰኘውን ፕሮግራም ጀመረች። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከተሞች ሴቶች በየሳሎኑ ስምንትም ዐሥርም እየሆኑ ተሰብስበው፣ በየተራ፣ ማንም ማንንም ሳይገሥጽ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ፍርሃት ይነጋገሩ ነበር፤ እነሱ ራሳቸው የንቃተ ኅሊና ስብሰባ ይሉታል። ሬይኖን ያደረገችው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ይህን ስብሰባ ወደ ስቱዲዮ አመጣችውና፣ ሴቶቹ ሲጨርሱ የስልክ መስመሩን ለአድማጭ ከፈተች። የሚደውሉት የቤት እመቤቶች፣ ጸሐፊዎች፣ ነርሶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ በሌሊቱ ስርጭት የሚናገሩትን ከዚያ በፊት ለባላቸውም ለእናታቸውም ተናግረውት አያውቁም።

እነዚህን ክሮች የሚሰማ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው የስልኩን ድምፅ ጥበት ነው። ስቱዲዮ ያሉት ሴቶች ሙሉ ሆነው ሲሰሙ፣ ደዋይዋ ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ በምትወስን ቀጭን መስመር በኩል ስለምትመጣ፣ ከሩቅ ክፍል የምትናገር ትመስላለች። አንዳንዷ ሹክ ትላለች፤ በሚቀጥለው ክፍል የተኛ ሰው እንዳለ ከአነጋገሯ ይታወቃል። ጥያቄ ተጠይቃ ዝም ስትል፣ የስቱዲዮዎቹ ሴቶች ዝምታውን ለመሙላት አይቸኩሉም። የሬዲዮ ሕግ ዝምታን እንደ ኃጢአት ይቆጥራል፤ ሦስት ሴኮንድ ባዶ አየር የቴክኒሺያንን ላብ ያወጣል፤ በእነዚህ ክሮች ላይ ግን ከዚያ የሚረዝም ዝምታ አለ፤ ከእሱም በኋላ የሚመጣው ቃል ብዙውን ጊዜ የዚያ ሌሊት እውነተኛው ቃል ነው።

ወደ ጥበቡ ወገን ስንመጣ ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ የፖውሊን ኦሊቬሮስ ነገር ነው። በ1932 በሂዩስተን የተወለደችው ይህች የሙዚቃ ደራሲ 21 ዓመት ሲሞላት እናቷ መቅረጸ ድምፅ ገዝታ ሰጠቻት፤ እሷም ማይክሮፎኑን በመስኮት ላይ አስቀምጣ የውጭውን ድምፅ ቀዳችና መልሳ ስትሰማው፣ በዚያው ሰዓት ጆሮዋ ያልሰማቸውን ድምፆች መሣሪያው ሰምቷቸው አገኘች። ከዚያ ቀን ጀምራ ማዳመጥን ራሱን እንደ ጥበብ ያዘችው። በ1960ዎቹ ከጓደኞቿ ጋር የምትሠራበት የሳን ፍራንሲስኮ የቴፕ ሙዚቃ ማእከል ከኬ.ፒ.ኤፍ.ኤ. ጋር አንድ ሕንፃ ይጋራ ነበር፤ ስለዚህ ሙዚቃዋ ከተፈለሰፈበት ክፍል እስከ ማሰራጫው የነበረው መንገድ አጭር ነበር። በ1965 የሠራችው «ባይ ባይ በተርፍላይ» የተባለው ስምንት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሥራ፣ ሁለት መቅረጸ ድምፆችን አንድ ክር እያጋራች፣ አንዱ የቀዳውን ሌላው ዘግይቶ እንዲያሰማው በማድረግ የተሠራ ነው። በዚህ የድምፅ ሞገድ መካከል የፑቺኒ ኦፔራ ሸክላ ይገባል፤ ስለ ባሏ ራሷን የምትገድለው የማዳማ በተርፍላይ ድምፅ በራሱ ማሚቶ ላይ እየተደራረበ፣ እየቀጠነ፣ ከሰው ድምፅነት ወደ ፉጨትነት ይለወጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ ሳይቆረጥና ሳይቀጠል፣ እጇ በመሣሪያው ላይ እንዳለ ተሠርቷል። ደራሲዋ በ1970 በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ፣ ሴት የሙዚቃ ደራስያንን «ወይዛዝርት ደራስያን» እያሉ ለብቻ ማስቀመጥ ይቅር ብላ በጻፈችው ጽሑፍም ብዙ ተከራክራለች፤ እኔ ግን ከክርክሩ ይልቅ ስምንቱ ደቂቃ ይበልጥ ያስረዱኛል። አናይስ ኒን ማስታወሻዋን ስታነብ፣ ኦድሪ ሎርድ ግጥሟን ስታሰማ የተቀዱት ክሮችም በዚሁ ማኅደር ይገኛሉ፤ እነሱን ለሰሚው ትቼ ልለፍ።

ድምፅ በክር ላይ የሚኖረው በዝገት ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። ክሩ ስስ የፕላስቲክ ጥብጣብ ሆኖ፣ በአንድ ፊቱ እጅግ የደቀቀ የብረት ዝገት በማጣበቂያ ተለብጦበታል፤ ሰው ሲናገር የማይክሮፎኑ ኤሌክትሪክ በቀረጻው ራስ በኩል አልፎ እነዚህን የዝገት ቅንጣቶች እንደ መግነጢስ ወዲህና ወዲያ ያዞራቸዋል፤ እንደ ዞሩም ይቀራሉ። የሬዲዮ ክር በሴኮንድ 19 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ለአንድ ግማሽ ሰዓት ንግግር 343 ሜትር ያህል ጥብጣብ ያስፈልጋል። ክር ውድ ነበረና፣ በዚያ ዘመን ብዙ ጣቢያዎች የተሰራጨውን ክር አጥፍተው ሌላ ይቀዱበት ነበር፤ አያሌ ድምፅ የጠፋው በዚህ ቁጠባ ነው። በፓሲፊካ ጣቢያዎች ግን አንዱ የሠራውን ፕሮግራም ለሌላው በፖስታ ይልክለት ስለ ነበረ፣ ክሩ እንዳይጠፋ የሚፈልገው ሰው ሁልጊዜ በሌላ ከተማ ተገኘ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቤተ መዛግብቱ መሠረት የተጣለው በዚህ መላላክ ላይ ነው።

ክሩ ከመጥፋት ቢድንም ከመበስበስ አይድንም። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ክሮች ብዙዎቹ የተሠሩት ከአሴቴት ነው፤ አሴቴት በሙቀትና በእርጥበት ሲፈርስ አሲድ ያወጣል፣ አሲዱም ተመልሶ ፍርሰቱን ያፋጥናል፤ የእንዲህ ያለ ክር ሳጥን ሲከፈት የአቸቶ ሽታ ፊት ይመታል። የ1970ዎቹ ክሮች ደግሞ ጥብጣባቸው ጠንካራ ፖሊየስተር ሲሆን ማጣበቂያቸው የአየሩን እርጥበት እየጠጣ ይሟሟል፤ ክሩ በመሣሪያው ላይ ሲያልፍ ይንጫጫል፣ ዝገቱን ከነድምፁ በመሣሪያው ራስ ላይ ለቅልቆት ይቆማል። መድኀኒቱ ላልሰማው ሰው ቀልድ ይመስላል፦ ክሩ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ በሚበልጥ ሙቀት ለብዙ ሰዓት በምድጃ ውስጥ ይጋገራል። እርጥበቱ ለጥቂት ሳምንታት ይወጣለታል፤ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ቴክኒሺያኑ አጫውቶ መቅዳት አለበት። ይኸው መድኀኒት ለአሴቴቱ ክር ግን መርዝ ነው፤ ስለዚህ ወደ ምድጃ ከመግባቱ በፊት የክሩን ዘር ማወቅ ግድ ይላል። ባለሙያው ጥቅሉን ወደ መብራት አንሥቶ ያየዋል፤ ብርሃን ካሳለፈ አሴቴት ነው።

ከዚህም ሌላ የክር ጠባይ አለ። ጥብጣቡ በጥቅሉ ላይ ተደራርቦ ለዓመታት ሲቀመጥ፣ የአንዱ ንብርብር መግነጢስ በሚቀጥለው ላይ ጥላውን ያትማል፤ በኋላ ሲጫወት፣ ተናጋሪዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት፣ በጸጥታው ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ እጅግ ደክሞ ይሰማል። ልምድ ያለው ቴክኒሺያን ይህን ለማቃለል ክሩን ጭራውን ወደ ውጭ አድርጎ ይጠቀልለዋል። ከሁሉም በላይ ግን ሥራው መፋጠን አይችልም፤ የአንድ ሰዓት ንግግር ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል። 2,000 ክር እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው ብንል እንኳ የማጫወቻው ጊዜ ብቻ 1,000 ሰዓት ነው፤ ማጽዳቱ፣ የተላቀቀውን መጋጠሚያ እንደ ገና መለጠፉ፣ መጋገሩ ከዚህ ውጭ ነው። በሙያው ልማድ ድምፁ በሴኮንድ 96,000 ጊዜ እየተለካ በቁጥር ይጻፋል፤ ይህም የሰው ጆሮ ከሚለየው እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን ክሩ ሁለተኛ ጊዜ ላይጫወት ስለሚችል፣ ባለሙያዎቹ የሚበልጠውን ይመርጣሉ።

ያን ያህል ተደክሞበት የተገለበጠ ድምፅ፣ በመዝገብ ላይ በትክክል ካልተጻፈ ዳግመኛ እንደ ጠፋ ይቆጠራል፤ እንዲያውም በማኅደሩ ሥራ ውስጥ ከባዱ ይህ ነው ባይ ነኝ። በ1956 የሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው አድማቸውን ገና በቀጠሉበት ጊዜ፣ ሲድኒ ሮጀርስ ለፓሲፊካ የአድማው መነሻ የሆኑትን ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስን አነጋግሯቸዋል። ይህ ድምፅ በመዝገብ የሚገኝበት ርእስ ስለ አንዲት ጥቁር ደቡባዊት የአውቶቡስ ተሳፋሪ አስተያየት የሚናገር ነው፤ ስማቸው የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ዛሬ በትምህርት ቤት መጽሐፍ የማይታጣው ስም፣ ያን ጊዜ ለርእስ የሚበቃ አልነበረም። እኒህ እንኳ ስማቸው ተጽፎላቸዋል። በአንድ ክብ ጠረጴዛ ውይይት ላይ ከሦስት ወንዶች ጋር የተቀመጠች ሴት፣ በሳጥኑ ጀርባ ላይ የወንዶቹ ስም ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ ክሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሰማ ሰው እስኪመጣ ድረስ ማንም ፈላጊ አያገኛትም። ለሴቶች ተብሎ የተለየ ፕሮጀክት ማስፈለጉ ከዚህ የተነሣ ነው፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ሰምቶ «ይህችኛዋ እገሊት ናት» ብሎ ካልጻፈ፣ መሣሪያው በራሱ አይጽፍላትም።

የፕሮጀክቱ ዘመን ከ1963 እስከ 1982 መሆኑም በዘፈቀደ የሆነ አይመስለኝም። በ1963 የሴቶችን ንቅናቄ ያነሣሣው የቤቲ ፍሪዳን መጽሐፍ ታትሟል፣ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ የሚያዘው ሕግም ተፈርሟል። በጁን 30 ቀን 1982 ደግሞ፣ የሴቶችን እኩልነት በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያስገባ የነበረው ማሻሻያ፣ ከሚያስፈልጉት 38 ግዛቶች የ35ቱን ድጋፍ ብቻ አግኝቶ የጊዜ ገደቡ አለፈበት። የሴቶቹ ክሮች ስብስብ እንግዲህ በተስፋ ተጀምሮ በሽንፈት ይዘጋል። በመካከሉ፣ በኖቬምበር 1977፣ በሂዩስተን የተደረገው ብሔራዊ የሴቶች ጉባኤ አለ፤ የ1848ቱ የመጀመሪያ የሴቶች መብት ጉባኤ ከተደረገበት ከሴኔካ ፎልስ በሴት ሯጮች እጅ የተወሰደ ችቦ የደረሰበት፣ 2,000 ያህል ልዑካን የተቀመጡበት፣ ሦስት የፕሬዚዳንት ሚስቶች በአንድ መድረክ የቆሙበት ነበር። በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ሰሞን፣ ፊሊስ ሽላፍሊ የምትመራው የተቃዋሚዎች ስብሰባም በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችን ሰብስቦ ማሻሻያው ይውደቅ ሲል ውሏል። በመጨረሻ የረታው ይህኛው ወገን ነው፤ በፓሲፊካ ክሮች ላይ ግን የእነዚህ ሴቶች ድምፅ ጥቂት ነው፤ ስማቸው የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በባላጋራቸው አፍ ነው። ነጻ ጣቢያም ወገን አለውና፣ በዚህ ማኅደር ብቻ የዘመኑን ሴቶች ታሪክ ልጻፍ የሚል ሰው ግማሹን ይጽፋል።

በኒው ዮርክ ጣቢያ በሌሊት ይደውሉ የነበሩት ሴቶች ነገር ግን አልተፈታም። ወይዘሮ ሄመር ለዓለም እንዲሰማ ፈልገው ተናግረዋል፤ ኦሊቬሮስ ሥራዋን ለሰሚ ሠርታዋለች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስሟን ሳትሰጥ ደውላ ስለ ባሏ ዱላ የተናገረችው ሴት ግን፣ ቃሏ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሌሊት፣ ነቅተው ለቆዩ ሴቶች ተሰምቶ በነፋስ የሚቀር መስሏት ነበር እንጂ፣ የልጅ ልጇ በስልኳ ልትሰማው እንደምትችል አላሰበችም። ድምፅ ደግሞ ስም ባይጻፍበትም ለሚያውቀው ሰው ስም ነው። ቤተ መዛግብት ያለ ተናጋሪዋ ፈቃድ ይህን መክፈት ይገባዋል? ፈቃድ ለመጠየቅ ማንነቷ መታወቅ አለበት፤ ማንነቷን መፈለግ ደግሞ ራሱ ስሟን የሸሸገችበትን ምክንያት ማፍረስ ነው። ክሩን ዘግቶ ማስቀመጥም የዚያን ሌሊት ድፍረቷን መልሶ መቅበር ይሆናል። የሙያው ሰዎች በዚህ ላይ በሁለት ተከፍለዋል፤ እኔ ይከፈት ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ይሁን እንጂ አንዲት አሮጊት መጥታ «ያ ድምፅ የእኔ ነው፣ አንሡልኝ» ብትል፣ ማስረጃ ሳይጠየቅ፣ በዚያው ቀን መነሣት አለበት።